ጎርጎራ ሄደን ሳንዋኝ የመጣንበት ቀን

ጎንደር ከተማ ውስጥ ዋና የሚታየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ጥር 11 ጠዋት፣ አፄ ፋሲል መዋኛ። ውኃው ተባርኮ ለሕዝቡ መረጨት ሲጀምር፣ ከግንቡ ጠርዝ ላይ ቦታ ይዞ ሲጠባበቅ የነበረው ጎረምሳ ልብሱን ጥሎ ይዘላል። እናቶች እልል ይላሉ፣ ፖሊስ ፊሽካውን ይነፋል፣ ጸሎቱና ጨዋታው ይደበላለቃል። በዓሉ ሲያልፍ ውኃው ይለቀቅና ገንዳው ባዶውን ይከርማል። ይህን እያየሁ ስላደግሁ መዋኘት የወንድ ሥራ፣ ያውም የጥር ወር ሥራ ይመስለኝ ነበር።

የሚገርመው ግን የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ከደጃችን መሆኑ ነው። በአዘዞ ወጥቶ፣ ቆላድባንና ጯሂትን አልፎ ጎርጎራ ለመድረስ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዲህ ያለ ውኃ ማግኘት ለሌላ ሀገር ሰው ብርቅ ነው። የጎንደር ሰው ግን "ትንሽ ልዝናና" ሲል ተራራ ላይ ይወጣና ከተማውን ቁልቁል እያየ ቡናውን ይጠጣል። ጣናን የምናውቀው ባሕር ዳር ለሠርግ ወይም ለጉዳይ ስንሄድ ነው።

ለነገሩ ለውኃው ጀርባ መስጠት የጀመርነው እኛ አይደለንም። አፄ ሱስንዮስ መናገሻቸውን ጎርጎራ ላይ አድርገው ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በዚያው ዳርቻ ሲያስገነባላቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው ሞተ። ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ነው። ልጃቸው ፋሲል ደግሞ አባታቸው የተቀበሉትን የካቶሊክ ሃይማኖት ትተው፣ ሐይቁንም ትተው፣ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። መናገሻው "ጎ" ብሎ በሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበር ይባላል፤ ጎርጎራም እኮ "ጎ" ብሎ ነው የሚጀምር። እኔ የምጠረጥረው የሐይቁ ዳር ሜዳ የሆነውን የደምቢያን ወባ ነው።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ጎርጎራ የወሰደችን የወንድሜ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ስለ ጣና ተምራ መጣችና "አክስቴ፣ እንዋኝ" አለችኝ። እኔ አልዋኝም፤ እሷም አትችልም። ግን የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ምክንያት አይገባትም። ነገሩን ያባባሰችው ደግሞ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ናት። በሐምሌ ልጆቿን ይዛ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር የተቀረጸችውን ቪዲዮ ልካልን ነበር። ጣናን ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ የሚውጥ፣ እንደኛው ጨው የሌለው ውኃ ነው። ዳሩ ወርቅማ አሸዋ፣ ከኋላው የአሸዋ ኮረብታ፣ አሸዋው ላይ ሣር፣ ልጆቹ በባልዲ ግንብ ይሠራሉ። የእኛዋ ልጅ ቪዲዮውን ደጋግማ አይታ "ጣናም እንዲህ ነው?" ስትል "ይበልጣል" ያልኳት እኔ ነኝ። ለሀገር ሲባል የሚዋሽ ውሸት አለ።

የዚያን ሐይቅ ዳር ነገር የአጎቴ ልጅ በስልክ ስታጫውተኝ ነበር። ወደ 24 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳርቻ ነው። አካባቢውን የብረት ፋብሪካዎችና ወደብ እየበሉት ሲመጡ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ1966 በመንግሥት ጥበቃ ሥር እንዲሆን አደረጉ፤ በ2019 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ፋብሪካዎቹ አሁንም ከጎኑ ናቸው። በዚያው በ2019 ነሐሴ ላይ ከአንዱ ፋብሪካ ሲያናይድና አሞኒያ ወደ ውኃው ተለቆ ብዙ ዓሣ ሞተ፣ የመዋኛው ዳርም ተዘጋ። ስለዚህ ገነት ነው ብዬ ላወራ አይደለም። ከነገረችኝ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ውኃው በየጊዜው እየተቀዳ ይመረመራል፤ ጀርሙ ከበዛ ዛሬ አትግቡ የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ከአሸዋው አለፍ ብሎ ደግሞ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሽንት ቤትና መታጠቢያ አለ። ያኔ ሽንት ቤቱን ስትነግረኝ "እሱንማ ተይው፣ ስለ ውኃው ንገሪኝ" ብያት ነበር።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። "መንገዱ ሰላም ነው?" ብለን ሦስት አራት ሰው ጠይቀን፣ ሰላም ነው ያለንን አምነን፣ አዘዞ ላይ ሚኒባስ ያዝን። የደምቢያ ሜዳ በጥር ደስ ይላል፤ ሽምብራው ደርሷል፣ ጥቁር አዝሙዱ ተነስቷል፣ ቆላድባ ላይ ነጭ ሽንኩርት በጉንጉን ተሰቅሎ ይሸጣል። ወንድሜ መስኮት ላይ ተደግፎ ተኛ። የጤና መኮንን ነው፤ አዳሩን ተረኛ ነበር። እንቅልፉን ጨርሶ ባይነቃ ኖሮ ቀኑ ሌላ ቀን በሆነ ነበር።

ወደቡ ጋ ስንደርስ ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። ጣና ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይቆጣል፤ ባለ ጀልባዎቹም መሄድ ያለበትን ሰው በጊዜ ሂድ የሚሉት ለዚህ ነው። ዳሩ አሸዋ አይደለም። ጭቃና ድንጋይ ነው፤ እዚህም እዚያም ሣር በቅሎበታል። አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ ሁለት ልጆች በጄሪካን ይቀዳሉ፣ ከብት ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ይጠጣል፣ ባጃጅ ይታጠባል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እየበለቱ ሆድ ዕቃውን ወደ ውኃው ይጥላሉ፤ ወፉ ሁሉ እሱን ይጠብቃል። የተለያየ ኑሮ ባንድ ዳር ላይ ተሰልፏል። የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ አላየችም። ጫማዋን አውልቃለች።

"ነይ! ነይ ተመለሽ!" አለ ወንድሜ።

"እግሯን ብቻ ትንከር" አልኩት።

"እትዬ፣ እግር ነው እኮ የሚፈልገው።"

ከዚያ እዚያው ቆመን፣ ልጅቷ አኩርፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ቢልሃርዝያ ያስረዳን ጀመር። እኔ ስሙን አውቀው ነበር፤ አካሄዱን ግን አላውቅም። ትሉ ሰው ሆድ ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰውየው ሰገራ ጋር ይወጣል። ሜዳ ላይ የተጸዳዱት ሰገራ በዝናብ ታጥቦ ወይም እዚያው በቀጥታ ውኃ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፤ በዳርና በጥልቀት የለሽ ውኃ፣ ሣር ባለበት የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ። እሷ ውስጥ ለሳምንታት ይራባና እንደገና ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ይህን ጊዜ በዓይን የማይታይ ነው፣ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ወደ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ማለትም ልጆች ለመዋኘት በሚወጡበት ሰዓት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ርካሽም ነው፣ ይሠራልም፤ ግን የዳነው ልጅ ነገ ተመልሶ እዚያው ውኃ ውስጥ ይገባል። ጣና ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን በሽታ ያውቁታል፤ ጎርጎራም ከእነሱ አንዷ ናት።

"ታዲያ ምን ይደረግ? ሐይቁን እንጠረው?" አልኩት፣ በልጅቷ ኩርፊያ እኔም ተናድጄ።

"ሽንት ቤት ይሠራ" አለ።

ዙሪያዬን አየሁ። በዚያ ቀን፣ እኔ በቆምሁበት ዳር፣ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት አልነበረም። አንዲት ዓሣ የምትጠብስ ሴት ጠየቅኋት፤ ሳቀችና "እንግዲህ ወደ ቁጥቋጦው ነዋ፣ እህቴ" አለችኝ። ቁጥቋጦው ከውኃው የድንጋይ ውርወራ እንኳ አይርቅም።

ስለ ጣና ጥበቃ ሲወራ የምሰማው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። በዚህ ዓይነቱ አከላለል ፈጽሞ የማይነካ ማዕከላዊ ክፍል፣ እሱን የሚከብ ከለላ፣ ከዚያም ሰው እየኖረ እያረሰ የሚቀጥልበት ሰፊ ክፍል አለ፤ ሐሳቡ ሰውን አስወጥቶ ተፈጥሮን መጠበቅ አይደለም፣ ሁለቱን ማስማማት ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ወፍና ዛፍ ነበር። አንዲት ልጅ እግሯን ውኃ ውስጥ እንዳትነክር የሚከለክላት ነገር የአራት ክፍል መጸዳጃ ቤት እጦት መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም። የሐይቅ ዳር ጥበቃ ስንል ቶሎ የምናስበው አጥርና ዘበኛ ነው፤ ሕዝቡ እንዳይገባ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የማምነው የተገላቢጦሹን ነው፤ ሕዝብ እንደሚመጣ አስቦ ያልተዘጋጀ ዳር ነው ያልተጠበቀ ዳር።

ልጅቷን ለማባበል ጀልባ ተኮናተርን። ማንዳባ መድኃኔዓለም እንሂድ ተባለ። ከወደቡ ስንወጣ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ከዳር ታየን፤ አምሮ የተሠራ ነው፣ ዛፉም አለ፣ ዳሩም ንጹሕ ነው። ወንድሜ "እዚያ ብናድርስ?" አለና ራሱ ሳቀ። ሪዞርት ሪዞርት ነው፤ ለእንግዳው ነው የሚሠራ፣ እንግዳውም ይከፍላል፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። የሥራ ዕድል የሚያገኝ ወጣት አለ፣ ጎርጎራን ከዚያ በፊት ስሟን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ ያውቃታል። የወደቡ ዳር ከሪዞርቱ ዳር ጋር አንድ ውኃ መሆኑን ብቻ ልብ አልኩ።

ማንዳባ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። ወንድሜ ወርዶ ገባ፣ እኔና ልጅቷ ጀልባው ላይ ቀረን። አልከፋኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ሥርዓቱን አውቄ ነው የሄድሁት። የጀልባው ልጅ ዝምታችን ከብዶት ይሁን አላውቅም፣ አቡነ ያሳይ የሚባሉት ጻድቅ በድንጋይ ታንኳ ሐይቁን ተሻግረው እዚህ እንደደረሱ የሚነገረውን ይተርክልን ጀመር። የወንድሜ ልጅ ድንጋይ አይንሳፈፍም ብላ ተከራከረችው። እኔ ዳሩን ሳይ ነበር።

እንዲህ ያለ ዳር ወደቡ ጋ አላየሁም። ደንገሉ ከውኃው ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፣ ከኋላው ሾላና ዋንዛ፣ ከዛፉ ላይ አንድ ነጭ ራስ ያለው ንስር ቁልቁል ያያል። ደንገል ያለበት ዳር ውኃው ጥርት ይላል፣ ከየብስ የሚመጣውን አፈር ሥሩ ይይዘዋልና። ዓሣም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን እዚያ ትደብቃለች። በጣና ዙሪያ ደንገል ለእርሻና ለግጦሽ ተብሎ ተመንጥሮ አልቋል በሚባልበት ዘመን፣ የቀረው ጥሩ ዳር በአብዛኛው ገዳም ያለበት ነው። መነኮሳቱ ስለ ባዮስፌር ማንም ስላስተማራቸው አይደለም። ዛፉ የታቦቱ ነው፣ አይቆረጥም፤ አለቀ።

ይኸው ነው ነገሩ አልኩ። ያየሁት ጥሩ ዳር አንዱ የማልገባበት ነው፣ ሌላው ከፍዬ የምገባበት። ለሁላችን ክፍት የሆነው ደግሞ እግር የማይነከርበት። የገዳሙን ሥርዓት ሰው ሁሉ እንዲጋራ መጠየቅ ድፍረት ነው፤ የተሠራበትም ዓላማ ለመዝናኛ አይደለም። ግን ከእነሱ መማር የሚቻል አንድ ነገር አለ፦ ዳሩ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም እዚያው ያድራል። የወደቡ ዳር የሁሉም ስለሆነ የማንም ሆኗል። ሕጉን ካያችሁት እኮ በግልጽ ተጽፏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የሀገሪቱ ውኃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። የጋራ መሆኑ ተጽፏል፤ ጠዋት ተነስቶ ዳሩን የሚጠርገው ሰው ደመወዝ ግን የት እንደተጻፈ ንገሩኝ።

ከማንዳባ ስንመለስ ታንኳ ፀሐይ ላይ አቁመው የሚያደርቁ አንድ አዛውንት አገኘን። ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ እያቆሙ ካላደረቁት ቶሎ ይከብድና ይበሰብሳል፣ ቢያደርቁትም ዕድሜው አጭር ነው። ደንገል ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ይህ ሙያ ነው፤ በተለይ የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት ወይጦዎች ከአያት ከቅድመ አያት የያዙት።

"ጋሼ፣ ደንገሉን ከየት ነው የሚያመጡት አሁን?" አልኳቸው።

"ከሩቅ ነው፣ ልጄ። ድሮ እዚሁ ነበር።" በአገጫቸው ሽምብራ የተዘራበትን መሬት አሳዩኝ። "እዚያች ግራር ጋ መስከረም ላይ ታንኳ አስሬበታለሁ።"

ግራሯ ከውኃው ጥሩ አድርጋ ትርቃለች። ከግራሯ እስከ ውኃው ያለው ባሕር ሸሽ ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ክረምቱን ሲሞላ ይከርምና በመስከረምና በጥቅምት ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ እያለ ይጎድላል። ደምቢያና ፎገራ እንደ ምጣድ የተዘረጉ ሜዳዎች ስለሆኑ ውኃው በቁመት ጥቂት ሲወርድ በአግድም ብዙ ይሸሻል። የሸሸበት እርጥብ አፈር ለም ነው፣ ያለ ዝናብ ያበቅላል። ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ ይዘራዋል። ማነው የሰጣቸው ስላቸው አዛውንቱ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ "ማን ይሰጣል? የቀደመ ያርሳል" አሉ። ከዚያም ጨመሩ፦ "ባሕሩ ሲመለስ ማዳበሪያውንም መድኃኒቱንም ይዞት ይገባል።"

የውኃው ልክ ድሮ የዝናብ ብቻ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ አባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ግድብ ተሠርቶ ልኩ በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ድርቁና ለመብራት የሚለቀቀው ውኃ ተደራርበው ሐይቁ ከመጠን በላይ ወርዶ መርከቦች መቆም ደርሰው ነበር፤ እርሻውም ተከትሎት ወደ ታች ወረደ። ከዚያም በጣና በለስ በኩል ውኃው ለኃይል ማመንጫ በዋሻ መሄድ ጀመረ። እኔ መብራት የማልፈልግ ሰው አይደለሁም። ይህን የማነሳው የሐይቁ ዳር የት ጋ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ ለማሳየት ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው የገረመኝ። ኢንዲያና ውስጥ ሐይቁ ዳር ቤት የነበራቸው ሰዎች መሬታችን እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ነው፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ማንም አይሂድብን ብለው ተካሰው ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የወሰነው እንዲህ ነው፦ ውኃው በተለምዶ ከፍ ብሎ ሲደርስ ዳሩ ላይ ምልክት የሚተውበት መስመር ድረስ ያለው መሬት፣ ውኃው ሸሽቶ ደርቆ ቢገኝም፣ መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የያዘው ነው፤ ሕዝቡም በዳሩ የመሄድ መብት አለው። ማለትም የአዛውንቱን ግራር አስቡት። በዚያ ሕግ ቢሆን ከግራሯ ወዲህ ያለው ሁሉ ሽምብራም ቢበቅልበት የሐይቁ ነው። እርግጥ እዚያ የተካሰሱት ባለ ቪላዎች ናቸው፤ እዚህ ባሕር ሸሹን የሚያርሰው ሌላ መሬት የሌለው ወጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያንን ፍርድ ገልብጠን እናምጣ አልልም። ግን ከወደቡ ፊት ለፊት፣ ልጆች የሚመጡበት ቦታ ላይ እንኳ፣ ከመስከረም ውኃ ልክ ወዲህ አይታረስም፣ ደንገል ይተከልበታል፣ ይህች ቁራጭ የመዋኛ ናት ብሎ መከለል ማንን ያስርባል? ሁለት መቶ ሜትር ብትሆን ትበቃለች።

ወንድሜ እዚህ ላይ ነው ያበሳጨኝ። "ገበሬውን ትተሽ የራስሽን ከተማ ተመልከቺ" አለ። እውነቱን ነው። ቀሃ፣ አንገረብና ሽንታ የሚባሉት ወንዞች የጎንደርን እጣቢ ይዘው ወርደው መገጭ ወንዝ ይገባሉ፤ መገጭም ደምቢያን ሰንጥቆ ጣና ይገባል። ከሆቴሉ፣ ከጋራዡ፣ ከየግቢያችን ቱቦ የሚወጣው መድረሻው ያ ሐይቅ ነው። የፋሲል መዋኛ የሚሞላውም ከቀሃ በመሆኑ ጥር 11 የተባረከው ውኃ ሲለቀቅ መንገዱ ያው ነው። እኛም እሱም ወደ አንድ ሐይቅ ነበር የወረድነው ማለት ይቻላል።

እምቦጭ ለምን በሰሜኑ በኩል በረታ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ይጀምር። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ አፈርና ፍግ፣ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ የበዛበት ውኃ ምግቡ ነው፣ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ያምራል፤ የወንድሜ ልጅ አንዱን ልትቀጥፍ ስትል አዛውንቱ "ተይው፣ እሱ ነው የጨረሰን" አሏት። ጎንደሬው በዘመቻ ወጥቶ ሲነቅል አይቻለሁ፣ ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ፣ ያውም ያን ሁሉ የቢልሃርዝያ ነገር ይዞ። አክብሮቴ ትልቅ ነው። ግን ሰኞ ጠዋት ቱቦውን ወደ ቀሃ የሚለቅቅ እጅ ቅዳሜ እምቦጭ ቢነቅል ሥራው አያልቅም።

ዓሣ በላን። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ቆሮሶው ትኩስ፣ ሚጥሚጣው አለቅጥ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ውኃው መጋለብ ጀመረ፣ ልጅቷም ማዕበሉን ስታይ ኩርፊያዋን ረሳች። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን ነው የተመለስነው፤ ክቧ ቤተ ክርስቲያን፣ የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት አሠሯቸው የሚባሉት ሥዕሎች ያሉባት። እዚያ ሴትም ትገባለች። ግቢዋም ጥላ ነው፣ ከጥላው ሥር ሆኖ ባሕሩ ይታያል፣ ማንም ምን ፈለጋችሁ አላለንም። ልጅቷ ከቀኑ ሁሉ እዚያ ደስ እንዳላት ኋላ ነገረችኝ።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ክርክራችን አላለቀም። ወንድሜ መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎ ሕክምና፣ ቀጥሎ የቀረው ይላል። እኔ መጀመሪያ ወሰኑ ይታወቅ እላለሁ፤ ወሰኑ ባልታወቀ መሬት ላይ ማን ሽንት ቤት ይሠራል? ከኋላ የተቀመጠ የማናውቀው ሰው ጣልቃ ገብቶ "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ መጀመሪያ መንገዱ" አለ። ቆላድባ እስክንደርስ ሚኒባሱ ሁሉ ገብቶበት ነበር፤ ሾፌሩ ሳይቀር።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ የማውቀውን ልንገር። ስለ መንገዱ በዋዜማው ጠይቁ። በጊዜ ውጡ፤ ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ ከረፋዱ በፊት ውኃው ላይ ሁኑ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ የደህንነት ጃኬት መኖሩንም እዩ። የሚጠጣ ውኃ ከቤት ያዙ። ማንዳባ የምትሄዱ ሴቶች ጀልባ ላይ እንደምትቀሩ እወቁና የሚነበብ ነገር ያዙ። ሣር ባለበት ዳር ልጆች እንዳይገቡ ተቆጣጠሩ፤ ገብተው ከሆነም ፎጣ አድርቋቸዋል ብላችሁ አትተዉት፣ ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሯቸው። ሽንት ቤቱን ደግሞ ጯሂት ላይ ጨርሱ።